የማያረጅ ሽጉጥ

ያቁትን ያወቅሁት ፊቱ ገና ሙሉ ሳለ ነው። ፔሻወር አጠገብ ባለችው የጠመንጃ ሠሪዎች ከተማ፣ ዳራ ገበያ ውስጥ፣ የእኔ ሱቅ ከአባቱ ሱቅ ፊት ለፊት ነበር። እኔ ከጎሽ ቀንድ የሽጉጥ እጀታ እጠርባለሁ፤ እነሱ ደግሞ ያረጀ ሽጉጥ ያድሳሉ። በመካከላችን ያለው መንገድ ጠባብ ነው፤ አህያ ከነጭነቷ ስታልፍ ሁላችንም እግራችንን እንሰበስባለን። ስለዚህ እዚያ ቤት የተባለውንም የተደረገውንም ፈለግሁም አልፈለግሁም እሰማና አይ ነበር።

አባቱ ሚርዳድ ይባላል። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሱረቱን ከንፈሩ ሥር ወሽቆ ቀኑን ሙሉ ብረት ጠፍሮ በሚይዘው ሞርሳ ላይ ያጎነበሰ ሰው ነበር። ከየሸለቆው የሚመጣለት ሽጉጥ ብዙ የተተኮሰበት ነው። በሠርግ ተተኩሶበታል፣ ወንድ ልጅ ሲወለድ ተተኩሶበታል፣ በደም ጉዳይ ተተኩሶበታል፤ ከአያት ለልጅ፣ ከልጅ ለልጅ ልጅ አልፏል። ብረቱን እየገፋ የሚመልሰው ጥምዝ ሽቦ፣ ሞላው፣ ደክሟል፤ የጥይት ካዝናው ከንፈር ተከፍቶ ጥይቱን አጣሞ ያጎርሳል፤ አፈሙዙ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ጥርስ ታጥቦ አልቆ ልሙጥ ሆኗል። ጆሮ አጠገብ አድርገው ሲነቀንቁት ይንቋቋል። ሚርዳድ ሞላውን ይቀይራል፣ የላላውን ያጠብቃል፣ የማይድነውን ግን «ይቺስ በቃት፣ ቅበሯት» ይላል። የሚሰማው ሰው የለም። የአባቱን ሽጉጥ ማን ይቀብራል?

አንድ ጊዜ ከላይኛው ሸለቆ ዛርጉን የሚባል ሰው የአያቱን ሽጉጥ ይዞ መጣ። ሚርዳድ ፈታትቶ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

«ሞላውን ቀይሬልሃለሁ። ግን አትመናት። ጥይቱን የሚመታው መርፌዋ የሚያልፍበት ቀዳዳ ተበልቷል፤ አንዱን ትመታለች፣ አንዱን ትስታለች። ግድግዳ ላይ ስቀላት።»

«እኔ የመጣሁት ላሳድስ ነው፣ ምክር ልገዛ አይደለም» አለ ዛርጉን፤ ሽጉጡን ከእጁ ነጥቆ ሄደ።

ስንዴው ሳይታጨድ ተመልሶ መጣ። ከደመኞቹ ጋር መንገድ ላይ ተገናኝቶ ኖሮ፣ ሽጉጧ ከሸፈችበት። እሱ አምልጧል፤ ታናሽ ወንድሙ ግን አላመለጠም። ጠመንጃ ያነገቡ ዘመዶቹን አስከትሎ ሱቁ በር ላይ ቆመ፤ ሚርዳድን በጥፊ ከመቀመጫው ጣለው።

«አፍህን ክፈት!» አለው።

«ነግሬህ ነበር እኮ...»

«ክፈት አልኩህ! የሠራሃትን ቅመሳት!»

ሽማግሌው ያቺን ሽጉጥ በጥርሱ ይዞ ከመስጊዱ በር እስከ ገበያው ጫፍ እንዲሄድ ተደረገ። ድዱ ደምቶ፣ ቅባቱና ምራቁ በጢሙ ላይ እየወረደ ሄደ። ያቁት ያኔ ጢሙ ገና መጠቆሩ ነበር፤ ሁለት የዛርጉን ሰዎች ክንዱን ጠምዝዘው ግድግዳ ላይ አጣብቀውት ሁሉንም አየ። ከሁላችንም አንድ ሰው ቃል አልተነፈሰም። ከአንድ ሱቅ ብቻ ሳቅ ተሰማ። የሳቀው ሻምሬዝ ነው፤ የሚርዳድ የገዛ ወንድም ልጅ።

ሚርዳድ ተመልሶ አፉን ተጉመጠመጠ፣ ሞርሳው ላይ አጎነበሰ። በሚቀጥለው ክረምት በሳንባ በሽታ ሞተ። ያቁት ሱቁን ሲረከብ መጀመሪያ ያደረገው ነገር፣ እድሳት እየጠበቁ የተቀመጡትን አሮጌ ሽጉጦች በሙሉ በማዳበሪያ ሞልቶ መንገድ ላይ መድፋት ነው።

«ባለቤቶቻቸው ይውሰዱ» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ አሮጌ አልነካም። የማያረጅ ሽጉጥ ነው የምሠራው።»

ሻምሬዝ ከሱቁ በር ሆኖ «የማያረጅ ሚስት ካገኘህም ንገረን!» አለ። ገበያው ሳቀ።

የአጎት ልጆች ነገር እኛ ዘንድ የታወቀ ነው። መሬቱ አንድ፣ ግድግዳው አንድ፣ ስሙ አንድ፤ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ያለ ይመስለዋል። የነዚህ ደግሞ የባሰ ነበር። አባቶቻቸው በአንድ የግቢ አጥር ተጣልተው ሊተላለቁ ሲሉ ሽማግሌ ገብቶ፣ ለእርቅ የሻምሬዝ እህት መርጀና ለያቁት ተዳረች። እርቁ በሽማግሌዎቹ ዘንድ ቀረ። መርጀና ግን ባሏን ወደደችው። እንዴት አትወደው? ያቁት መልከ መልካም ነበር፤ ሞረድ ሲሞርድ ያፏጫል፣ የፉጨቱ ዜማ ከሞረዱ ጋር አብሮ ይሄዳል። መንገደኛ ሳይቀር ቆሞ ያዳምጠው ነበር።

ሻምሬዝ ወፍራም፣ ቀልደኛና ክፉ አፍ ያለው ሰው ነው። የሚሠራው ሽጉጥም እሱን ይመስላል፤ ድቡልቡል፣ ለስላሳ ብረት፣ መልክ የሌለው። ብዙ ከተተኮሰበት ይላላል፣ ይንገጫገጫል፣ ጥይቱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይወስዳል፤ መተኮሱን ግን አያቆምም። የያቁት ሽጉጥ ጌጥ ነው። የላይኛውን ብረት፣ ያንን በተተኮሰ ቁጥር ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ የሚመለሰውን፣ ከማንም አብልጦ ያጠነክረዋል፤ አግሎ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። ነክሮ ካወጣ በኋላ ደግሞ በቀስታ መልሶ ሞቅ አድርጎ ትንሽ ማለዘብ ያስፈልጋል። ያቁት ይህን አይወድም። «ያለዘብኩት ብረት ቶሎ ተበልቶ ያልቃል» ይላል። ሞረድ የማይነካው ብረት ነበር የሚፈልገው። ሐጂ ስፒን ጉል የሚባሉ የገበያው ትልቅ ሰው አንድ ቀን ከሽጉጦቹ አንዱን በጣታቸው አንኳኩተው፣ «ልጄ፣ ይሄ እንደ ብርጭቆ ይጮሃል» አሉት። ያቁት ሙገሳ መሰለው።

ማሊክ ቶርባዝ የመጣው የአፍጋን ስደተኞች ድንኳን ከከተማው በታች ተተክሎ በነበረበት ዘመን ነው። ማሊክ ማለት የጎሳ አለቃ ነው፤ እሱ ደግሞ ትልቅ ባለመሬት፣ አጃቢው ብዙ፣ ጠቡም ብዙ። ለሰዎቹ በሙሉ ሽጉጥ ማሠራት ፈለገ፤ ገበያውን ዞሮ አየና ሁለት ሰው መረጠ፦ ያቁትንና ሻምሬዝን። የአጎት ልጆች መሆናቸውን ሲሰማ ፊቱ በራ።

«እንግዲያው ይተኮሳላ!» አለ። «ጥይቱ ከኔ። አንድ አንድ ሽጉጥ ይዛችሁ ኑ። አይፈታም፣ አይጸዳም፣ ሞላ አይቀየርም። ቀድማ የሞተችበት ወደ ቤቱ።»

«ተኳሹ ማን ይሁን?» ብለው ሐጂ ስፒን ጉል ጠየቁ።

«ራሳቸው ናቸው እንጂ! በሥራው የሚተማመን ሰው ለሌላ እጅ ይሰጣል እንዴ?»

ማልዶ ከገበያው ጀርባ ወዳለው ደረቅ ወንዝ ወረድን። ለማሊኩ የገመድ አልጋ ወጣለት፤ ትራስ ተደግፎ ሻይ እየጠጣ ያያል። የሱ ሰዎች ጥይቱን ከሣጥን እያወጡ ካዝና ይሞላሉ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ወደ ገደሉ ይተኩሳሉ። የሙቀቱ ወራት ነበር። ፀሐይ ከፍ ስትል ሽጉጦቹ በባዶ እጅ የማይያዙ ሆኑ፤ እርጥብ ጨርቅ ጠቀለሉባቸው፣ ጨርቁ ይጨሳል። ተኩስ ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል። እያንዳንዱ ጥይት ግን ብረቱን በመዶሻ እንደመምታት ነው፤ ያ ሁሉ መዶሻ ደግሞ በአንድ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው።

መጀመሪያ ያስቸገረችው የሻምሬዝ ነበረች። የተተኮሰውን ጥይት ባዶ ቀለህ ሳትተፋ በአፏ ትነክሳለች፤ እሱ በጥፍሩ ነቅሎ ይቀጥላል።

«አሮጊቷ ጥርስ አላት!» አለ አንዱ የማሊኩ ሰው።

«እናትህን ካገኘች አትለቃትም» አለ ሻምሬዝ ሳይዞር። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ ማሊኩን ሻዩ ትን አለው።

የያቁት አንድም ጊዜ አልነከሰችም። እሱም ጥርሱን ነክሶ ይተኩሳል። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ መካከል ያለው ቆዳ ተልጦ ደም ወደ ክርኑ ይወርዳል፤ አይጠርገውም። ሐጂ ስፒን ጉል ግን ሌላ ነገር እያዩ ነበር። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ቀለሁን ተመልከት» አሉኝ። ጠዋት ቀለሁ ከእግሩ አጠገብ ነበር የሚወድቀው፤ አሁን ከሕዝቡ ጭንቅላት በላይ እየበረረ ነው። «ሞላው አልቋል። ላይኛውን ብረት የሚያቆመው ነገር የለም፤ ብረቱ ራሱን እየደበደበ ነው።»

ከቀትር በኋላ ማሊኩ ሻይ ይጠጡ ብሎ ፈቀደ። ሽጉጦቹን ጎን ለጎን እርጥብ ጆንያ ላይ አስቀመጧቸው። ያቁት ዞር ብሎ ውሃ ራሱ ላይ ያፈስሳል። ሻምሬዝ የራሱን ለማገላበጥ ሲያጎነብስ ዓይኑ የያቁት ላይ ቀረ። ቀለሁ ከሚወጣባት መስኮት ጥግ ላይ፣ ላይኛው ብረት ላይ፣ ቀጭን ጥቁር መስመር ወርዷል። ዘይትና የባሩድ ጥላሸት እንደ ላብ እየነጠበባት ነው። እኔ ከጎኑ ስለነበርኩ ሲያያት አየሁት፤ ምን እንዳየ ግን ገና አልገባኝም።

ቀና አለና ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አደረገ፤ ሕዝቡ በሙሉ እንዲሰማ ጮኸ።

«ኧረ ያቁት! ይቺ ሙሽራህ ፊቷ ተሰንጥቋል! ተዋት ይቅርብህ! ሂድ ቤትህ ግባ፤ እህቴ ዳቦ ጋግራ፣ ራስህን አስራ ታስተኛሃለች!»

ሕዝቡ አውካካ። አንዱ እንደ ሴት ቀጭን ድምፅ አውጥቶ፣ «ና ግባ የኔ ጌታ!» አለ። ማሊኩ ትራሱን ደበደበ።

ያቁት ውሃ ከጢሙ እየተንጠባጠበ ተመልሶ መጣ። ሽጉጧ ከእግሩ ሥር ነች። ዝቅ ብሎ ቢያያት ይበቃው ነበር። ግን ዝቅ ቢል ፈራ ይባላል፤ ያ ሁሉ አፍ እሱን እየጠበቀ ነው። ዓይኑን ከሻምሬዝ ዓይን ላይ ሳያነሳ ጎንበስ አለና በዳሰሳ አነሳት።

«ደክሞሃል ማለት ነው» አለው። «እኔ ገና መጀመሬ ነው።»

«እኔ ነግሬሃለሁ። ሁላችሁም ሰምታችኋል?»

«ሰምተናል!» አለ ሕዝቡ።

ያቁት ካዝናውን አጎረሰ፣ አቀባበለ፣ ተኮሰ። ካዝናውን ጨረሰ። ሁለተኛውን ጀመረ። የመጨረሻው ተኩስ ድምፁ ከሌሎቹ የተለየ አልነበረም፤ ክንዱ ብቻ ወደ ላይ ተወረወረ። ላይኛው ብረት ከመስኮቱ ጥግ ለሁለት ተሰብሮ፣ የኋላው ግማሽ ፊቱ ላይ መጥቷል። ቀኝ ዓይኑን ይዞ፣ ጉንጩን ሰብሮ፣ መንጋጋውን አላቅቆ ሄደ። ያቁት ወዲያው አልወደቀም። ትንሽ ቆሞ፣ በግራ ዓይኑ እጁ ላይ የቀረውን ግማሽ ሽጉጥ አየ፤ ከዚያ ቁጭ አለ።

ማሊክ ቶርባዝ ከአልጋው ወርዶ የተሰበረውን ብረት ከአሸዋው ላይ አነሳ። ስብራቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ አየ፣ ደሙን በጆንያው ጠረገ።

«ጥሩ ዋልን» አለ። «ሻምሬዝ፣ ሥራው ያንተ ነው።» ብረቱን ኪሱ ከትቶ ሄደ።

ፔሻወር ያለው ሐኪም ነፍሱን አተረፈለት፤ ፊቱን ግን ማትረፍ አልቻለም። መንጋጋው ጠሞ ገጠመ። ሲናገር ቃሉ ከምራቅ ጋር ይወጣል፣ ሲበላ መርጀና ዳቦውን ሻይ ውስጥ አርሳ ነው የምታጎርሰው። ፉጨት ቀረ። ገበያው ቅጽል ስም ለማውጣት ሳምንት አልፈጀበትም፤ «ግማሽ ጨረቃ» አሉት።

መርጀና ባሏ ከሐኪም ቤት በተመለሰ ማግስት ወንድሟ ቤት ሄደች። እዚያ የተባለውን ራሷ ለሚስቴ ነግራታለች። ሻምሬዝ ምሳ እየበላ ነበር።

«እህቴ፣ ነይ ተቀመጪ፣ ብዪ።»

«ልበላ አልመጣሁም። ላላ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ስንጥቁን አይተኸው ነበር?» ላላ እኛ ዘንድ ታላቅ ወንድም የሚጠራበት ቃል ነው።

«አይቻለሁ። ነግሬዋለሁም። አገር ሰምቷል።»

«በምን አነጋገር?»

«በምን አነጋገር ማለት? በአፌ ነዋ!»

«እኔን እየጠራህ። ሰው እያሳቅህ። ጠጋ ብለህ በጆሮው ብትነግረውስ?»

ሻምሬዝ እጁን ከሳህኑ አነሳ። ውሸት ያውቅበታል፤ ያን ዕለት ግን ምን እንደነካው እንጃ።

«በጆሮው ብነግረው ያቆም ነበር» አላት።

መርጀና ሻርፗን አስተካክላ ወጣች። እሱ በሕይወት እስካለ ድረስ ዳግመኛ ደጁን አልረገጠችም።

የያቁት እናት ወንድሞች ነገሩን ለሽማግሌ አቀረቡ። ጅርጋው፣ የሽማግሌዎቹ ሸንጎ፣ መስጊዱ ግቢ ውስጥ ተቀመጠ። ከሳሾች «አይቶ ነው ያስጎዳው» አሉ። ሽማግሌዎቹ «ነግሮታል ወይስ አልነገረውም?» ብለው ጠየቁ። ነግሮታል፤ ሁላችንም ሰምተናል፤ እኔም ተጠይቄ ይህንኑ መሰከርኩ። ሻምሬዝ ነፃ ነው ተባለ። ያኔ በዚህ ቢበቃው ኖሮ ነገሩ እዚያ ያበቃ ነበር። እሱ ግን ልቡ አብጦ ነበር፤ ብድግ አለና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ሽማግሌዎች፣ ምንም ቢሆን ሥጋዬ ነው። በአንድ ዓይን ሞረድ አይያዝም። ሱቄ ለሱ ክፍት ነው፤ በናንተ ፊት ቃል እሰጣለሁ። የብረት ብናኜን ይጥረግልኝ፣ እስከ ዕድሜው ዳቦውን ከኔ ይበላል።»

መጥረጊያ ሊያስይዘው እንደሆነ ሁሉም ገባው፤ አንዳንዱ ጢሙ ውስጥ ፈገግ አለ። ያቁት በጨርቅ የተጠቀለለ ራሱን ቀና አደረገ።

«ነገ... እመጣለሁ» አለ።

መጣም። ሱቁ ሲከፈት በሩ ላይ ነበር። መጥረጊያውን ተቀብሎ ጠረገ፤ ከጨረሰ በኋላ ጨርቁን ከፊቱ ፈትቶ በሩ አጠገብ፣ ብርሃኑ በሚወድቅበት ቦታ፣ ወደ መንገዱ ዞሮ ተቀመጠ። ደንበኛ የሚገባው በሱ ፊት አልፎ ነው።

«ቢስሚላህ! ይሄ ሰው ምን ሆኖ ነው?» ይላል ደንበኛው።

«ሽጉጥ ነው» ይላል ያቁት።

«የራሱ ሽጉጥ ናት!» ብሎ ሻምሬዝ ከውስጥ ይጮሃል። «የራሱ ሥራ! የኔ አይደለችም!»

ደንበኛው ያቺን ፊት ያያል፣ በእጁ የያዛትን አዲስ ሽጉጥ ያያል፤ ቀስ ብሎ ያስቀምጣታል። «እስቲ ዞር ዞር ብዬ ልመለስ።»

ከዚህ የባሰም ነበር። ያቁት ሞረድ መያዝ ባይችልም ጣቱ አልሞተም። ከዚያ ቀን ወዲህ የስንጥቅ ነገር በጥፍሩ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሰዎች ያረጀ ሽጉጥ ይዘው ሲያልፉ እንዲያስነኩት ይለምናቸዋል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ላይኛውን ብረት በአውራ ጣት ጥፍሩ ይዳስሰዋል፤ ጥፍሩ ከቆመ እዚያ ስንጥቅ አለ ማለት ነው። አንድም ጊዜ አልተሳሳተም፤ ስሙም ወጣ። እንግዲህ አንድ ደንበኛ የሻምሬዝን አዲስ ሽጉጥ ሊገዛ ሲደራደር፣ ያቁት እጁን ዘርግቶ «ልይልህ?» ይለዋል። ይዳስሳል። መካከል ላይ ጥፍሩ ለአፍታ ቆም ይላል። ከዚያ ምንም ሳይናገር ይመልስለታል። ሽጉጡ ምንም የለበትም! ሻምሬዝም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ደንበኛው ግን ያቺን አፍታ አይቷታል።

«ምን አለበት? ተናገራ! ምን አገኘህ?» ብሎ ሻምሬዝ ደረቱን ይዞ ይነቀንቀዋል።

«እኔ... ምን አልኩ? ምንም አላልኩም።»

ሻምሬዝ ሊያባርረው አይችልም፤ ቃሉን በጅርጋ ፊት ሰጥቷል። ዳቦውን ቤቱ ድረስ እንዲልክለት ለመነው፤ «ቤት መዋል አልለመድኩም» አለ። መጥረጊያውን ደበቀበት፤ ያቁት ከቤቱ መጥረጊያ ይዞ መጣ። ሰደበው፤ መጥረጉን ቀጠለ። አንድ ቀን ትኩስ ሻይ ደረቱ ላይ ደፋበት፤ ያቁት ሸሚዙን አራግፎ በዚያው ቦታ ተቀመጠ፤ ያን ዕለት የገቡት ደንበኞች ደረቱንም አዩ። እኛ የገበያው ሰዎች፣ ማልቀስ የሚገባን ሰዎች፣ ነገሩን እንደ ድራማ እናየው ጀመር። ጠዋት ጠዋት «ዛሬ ምን አለ?» እንባባላለን። አላህ ይቅር ይበለን፣ ደስ ይለን ነበር።

ማሊክ ቶርባዝ ያሠራቸው ሽጉጦች ላልተው መጮህ ሲጀምሩ፣ ሰዎቹ ለጥገና ወደ ሻምሬዝ መምጣት ነበረባቸው፤ ሌላ ሱቅ ሄዱ። ሻምሬዝ ከሳ። ያ ቀልዱ ሁሉ ደረቀ። ሰው ሲስቅ በሰማ ቁጥር ቀና ብሎ ማን እንደሳቀ ይፈልጋል።

በመጨረሻ እኛ ዘንድ የቀረውን አንድ መንገድ ያዘ። በግ ጎትቶ፣ ሐጂ ስፒን ጉልንና ሌሎች ሽማግሌዎችን አስቀድሞ፣ ጥምጣሙን አውልቆ በእጁ ይዞ፣ በቀትር ያቁት ደጅ ላይ ቆመ። እንዲህ ሆኖ የመጣን ሰው መመለስ ነውር ነው። እኔም አብሬ ሄጄ ነበር።

«ያቁት፣ ደጅህ ወድቄያለሁ» አለ። «አይቼ ነበር። በጆሮህ መንገር ነበረብኝ። ማረኝ።»

ያቁት ራሱ መጥቶ አቅፎ አነሳው። ጥምጣሙን ተቀብሎ ራሱ ላይ ጠመጠመለት። በጉ ታረደ፣ ተበላ፤ ሽማግሌዎቹ ዱዓ አደረጉ። መርጀና ከውስጥ ሆና ሩዙን አሳለፈች፤ አልወጣችም። ሻምሬዝ ሲያለቅስ በግልጽ ይሰማ ነበር። ያቁት በዚያ በተጣመመ አፉ፣ ቃል በቃል፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ «ምሬሃለሁ፤ በልቤ ምንም የለም» አለ። ደስ ብሎን ተመለስን። ሐጂ ስፒን ጉል መንገድ ላይ፣ «ከመሞቴ በፊት ይሄን አየሁ» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ያቁት ሻምሬዝ ሱቅ በር ላይ፣ ብርሃኑ በሚወድቅበት ቦታ ተቀምጧል። መጥረጊያው ጭኑ ላይ ነው። ሻምሬዝ ቁልፍ በእጁ ይዞ ሲደርስ አየውና መንገዱ መሐል ቆመ።

«ምረኸኛል እኮ» አለው።

«ምሬሃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን? ሥራ ቦታዬ ነው» አለ ያቁት። «ክፈት እንጂ፣ ልጥረግ።»

ሻምሬዝ ያን ቀን ሱቁን አልከፈተም። በሚቀጥለውም ቀን አልከፈተም። ሰንብቶ በአንድ የጭነት መኪና ተሳፍሮ ካራቺ ወረደ አሉ፤ እዚያ በጋሪ ማንጎ እየሸጠ መኖሩን ሾፌሮች ነገሩን። ያቁት ግን በተዘጋው በር ፊት መቀመጡን አላቆመም። አንድ ቀን ሻይ ይዤለት ሄድኩና፣ «አሁንስ ማን አለ? ለማን ነው የምትቀመጠው?» አልኩት።

«ቢመለስስ?» አለኝ።

ሻምሬዝ አልተመለሰም። ሆዱን አሞት ካራቺ ሞተ፤ እዚያው ቀበሩት። ከመሞቱ በፊት በሁለት ምስክሮች ፊት ሱቁ ለእህቴ ይሁን ብሎ ነበር። መርዶው ሲደርስ መርጀና ግቢዋ ውስጥ ፊቷን እየቧጨረች አለቀሰች። ያቁት ጥግ ላይ ተቀምጦ አያት።

«ለሱ ነው እንዲህ የምታለቅሺው?» አላት።

«ለሱም ነው» አለችው። «አንድ ጊዜ በድሎሃል። አንተ ስንት ጊዜ እንደገደልከው እኔ ነኝ የማውቀው፤ ማታ ማታ ከሱ ደጅ ስትመለስ ጫማህን የማወልቅልህ እኔ ነኝ።»

እሱን ሳታማክር ሱቁን ለአንድ የፕላስቲክ ጫማ ነጋዴ ሸጠችው። ያቁት አልሰማም ነበር። እንደ ልማዱ ማልዶ ሲመጣ በሩ ተከፍቷል፤ ሞርሳው ተነቅሎ መንገድ ላይ ወጥቷል፤ ነጋዴው ጫማውን በገመድ እየሰቀለ ነው። ያቁት መጥረጊያውን ይዞ ቆመ። ነጋዴው የሩቅ አገር ሰው ነው፣ ምንም አያውቅም።

«ምን ፈለግህ አባት? እንዳትቆምብኝ፤ ፊትህን አይተው ሕፃናት ይፈሩብኛል» አለው።

ያቁት ወደ እኔ ሱቅ ተሻግሮ መጣ። አግዳሚዬ ላይ ተቀመጠ። የጎሽ ቀንድ ቁራጭና የአሸዋ ወረቀት ሰጠሁት። እስኪመሽ ሲያሽ ዋለ። አንዱን ጎን አብዝቶ አሽቶት ቀጥኖ ነበር፤ ለእጀታ የሚሆን አልነበረም። «ጥሩ ነው» አልኩትና ወስጄ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጥኩት።